ጀልባውን የገዛ ጥገናውንም ይግዛ

ሆሳዕና ሐይቅ የላትም። ከፍታ ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት፤ በእኔ የልጅነት ዘመን ጀልባን የምናውቀው በመማሪያ መጽሐፍ ሥዕል ነበር። ዛሬ ግን ከከተማው በስተምዕራብ፣ የሶሮና የጊቤ ወረዳ መሬት ቁልቁል ወርዶ በሚያልቅበት ቆላ፣ ውሃ ተኝቷል። ጊቤ 3 በታኅሣሥ 2009 ዓ.ም. ሲመረቅ ስለ 1,870 ሜጋ ዋት ኃይሉና ስለ 243 ሜትር ቁመቱ ያልሰማ የለም። ግድቡ ወደ ኋላ ያቆረው ውሃ ግን 150 ኪሎ ሜትር ያህል ተዘርግቶ የወላይታን፣ የዳውሮን፣ የጠምባሮንና የሀዲያን ደጃፍ መንካቱን ልብ ያለው ጥቂት ሰው ነው። ወንዝ የነበረው ሐይቅ ሆነ። ማዶ ዘመድ ያለው፣ ማዶ ገበያ የለመደው፣ ቆሮሶና አምባዛ አጥምዶ ልደር ያለው ወጣት፣ ሁሉም ጀልባ ፈላጊ ሆነ። በምሥራቅ በኩል ደግሞ ሻሾጎ አለ። ክረምቱ ሲበረታ ቦዮ ሐይቅ ከዳርቻው ወጥቶ ማሳውንና መንገዱን ይውጣል፤ ያን ጊዜ እዚያም ጀልባ ያለህ ያሰኛል።

ጀልባው መጥቷል። ጠጋኙ ግን አልመጣም።

እኔ ብረት ሠራተኛ ነኝ። ብየዳ የጀመርኩት እዚሁ ሆሳዕና ነው፤ የአሉሚኒየም ሥራ የተማርኩት ግን አዲስ አበባ፣ የነዳጅ ቦቴ በሚጠገንበት ወርክሾፕ ውስጥ ነው። አሁን ጎፈር ሜዳ አካባቢ የራሴ ትንሽ ቤት አለችኝ። በዚህ ጽሑፍ የምለው አንድ ነገር ነው፤ ጀልባ የሚገዛ ሁሉ፣ መንግሥትም ይሁን ማኅበር፣ በጎ አድራጊም ይሁን ነጋዴ፣ የጥገናውን ሙያና ዕቃ አብሮ ይግዛ። ያለዚያ ለሕዝብ አደጋ ገዝቶ መስጠቱ ነው።

ክረምት ሊገባ ሲል አንዲት የአሉሚኒየም ጀልባ በአይሱዙ ተጭና ወደ እኔ መጣች። በሪቬት የተያያዘች፣ ወለሏ ጠፍጣፋ፣ ከአሥር ሰው በላይ የማትይዝ ጀልባ ናት። ያመጧት በማኅበር የተደራጁ የጊቤ ዳር ልጆች ናቸው። የሰጣቸው መሥሪያ ቤት ከነሞተሯና ከነመቅዘፊያዋ አስረክቧቸዋል። ትርፍ ሪቬት ግን አንዲት እንኳ አልሰጣቸውም፤ ስትበላሽ ወዴት እንደሚወስዷት የነገራቸውም የለም።

«ጋሼ፣ ውሃ ታስገባለች እንጂ ትሄዳለች» አለኝ ትልቁ ልጅ።

«ምን ያህል ታስገባለች?»

«ብዙ አይደለም። አንድ ልጅ በጣሳ እየቀዳ ያወጣዋል።»

እስቲ ይህን «ብዙ አይደለም» እናስላው። በደቂቃ አንድ ሊትር የምታስገባ ጀልባ በአንድ ሰዓት ውስጥ 60 ሊትር ትይዛለች። 60 ሊትር ውሃ 60 ኪሎ ነው፤ ሳይቆጠር የተሳፈረ አንድ ሙሉ ሰው ማለት ነው። ሰው ደግሞ ተቀመጥ ሲሉት ይቀመጣል። ውሃ አይቀመጥም፤ ጀልባዋ ወደ ቀኝ ስታዘነብል ሁሉም ወደ ቀኝ ይሮጥና ያዘነበለውን ጎን ይበልጥ ይጫነዋል። በገበያ ቀን በቆሎው በኩንታል፣ ፍየሉ ከነገመዱ፣ እናቶች ቅቤያቸውን እንደታቀፉ ተሳፍረው፣ የጀልባዋ ከንፈር ከውሃው በላይ ስንዝር ያህል ብቻ ሲቀረው፣ ያ ያልተቆጠረ 60 ኪሎ ሁሉንም ይገለብጣል። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል ሲባል ሰምቶ ያደገ ሕዝብ፣ ወለሏ ላይ ውሃ እየተንቦራጨቀ በሚሄድ ጀልባ ልጁን ሊያሳፍር አይገባም ነበር። አማራጭ ስላጣ ግን ያሳፍራል።

ጀልባዋን ገልብጠን አየናት። ከቀዳዳው ይልቅ ያሳዘነኝ ጥገናው ነው። አንዱ ስንጥቅ ላይ የእንሰት ቃጫ ተጠቅጥቆ ሬንጅ ፈሶበታል። ሌላ ቦታ ላይ የላሜራ ቁራጭ በብረት ቡሎን ታስሯል፤ ዳዶው ዝጓል፤ ከላሜራው ሥር ያለው አሉሚኒየም ነጭ ዱቄት አውጥቶ ተቦርቡሯል። ከኋላ በኩል ደግሞ አንድ በያጅ በተራ ኤሌክትሮድ ሞክሮ፣ መዳፍ የሚያስገባ ቀዳዳ ከፍቶ ትቶታል። እነዚህን ሰዎች አልወቅሳቸውም፤ በእጃቸው ባለው ነገር የቻሉትን አድርገዋል። ቃጫ ለገመድ ወደር የለውም። ጀልባ ወለል ላይ ግን ሲርስ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል፤ ሬንጁም በቆላ ፀሐይ ይለሰልሳል። ብረትና አሉሚኒየም ደግሞ እርጥበት መሃላቸው ሲገባ ባትሪ ይሆናሉ፤ በዚያ ባትሪ ውስጥ የሚበላው አሉሚኒየሙ ነው። መዳብ ከሆነማ የባሰ ነው። ወለሉ ላይ ወድቃ የቀረች አንዲት የመዳብ ሽቦ እርጥበት ካገኘች ቆርቆሮውን ቀስ በቀስ ትበሳዋለች።

የበያጁን ጉዳይ ላስረዳ፤ በከተሞቻችን ያለውን ክፍተት ከሁሉ አጉልቶ የሚያሳየው እሱ ነው። የብረት በያጅ የሚመራው በቀለም ነው። ብረት ሲግል ይቀላል፣ እየነጣ ይሄዳል፣ ከዚያ ይፈሳል፤ እጅ ለማሰብ ጊዜ ያገኛል። አሉሚኒየም አይቀላም። 660 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ላይ ይቀልጣል፤ እዚያ እስኪደርስ ድረስ መልኩን አይቀይርም። በዚያ ላይ አየር ሲነካው ላዩን የሚሸፍነው ስስ ቅርፊት ከ2,000 ዲግሪ በላይ ካልሆነ አይቀልጥም። ስለዚህ ውስጡ ፈሳሽ ሆኖ ሳለ ላዩ እንደቆመ ይቆያል። በያጁ «ገና ነው» ብሎ እሳቱን ሲያቆይበት ሁሉም ባንዴ ይናዳል። ያ መዳፍ የሚያክል ቀዳዳ የተከፈተው እንዲህ ነው። ብየዳ የሚችል፣ ምናልባት በአካባቢው የተመሰገነ ሰው ነው የከፈተው።

ይህን የሚፈታው አርጎን ጋዝና ተለዋዋጭ ከረንት የሚሰጥ የቲግ ማሽን ነው። ከረንቱ ሲገለባበጥ ያንን ቅርፊት ይሰብረዋል፤ ጋዙ የቀለጠውን ከአየር ይከልለዋል። ሽቦውም የተገኘው ሁሉ አይሆንም። የጀልባ ቆርቆሮ ብዙ ጊዜ ማግኒዥየም ያለበት፣ 5052 ወይም 5086 የሚባለው ዓይነት ነው፤ የሚስማማው ሽቦ 5356 ነው። ለሞተር ቴስታታ የሚውለውን 4043 አምጥቶ ማግኒዥየም የበዛበት ቆርቆሮ ላይ የሚበይድ ሰው፣ ለዓይን የሚያምር ነገር ግን ተሰባሪ ስፌት ያወጣል። ይህ ሁሉ ከባድ እውቀት አይደለም፤ በአንድ የሥልጠና ዘመን የሚያልቅ ነው። ግን የሚያሳይ ሰው ያስፈልገዋል።

ቀዳዳ ከመድፈን በፊት መፈለግ ይቀድማል። አብዛኛው ጥገና የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። መጀመሪያ ያየሁት የጀልባዋን የውሃ ማፍሰሻ ቡሽ ነው፤ ጎማው ደርቆ ተሰነጣጥቋል። ቀጥሎ ሞተሩ የሚታሰርበትን የኋላ ግድግዳ፣ ቡሎኖቹ የሚያልፉበትን ሁሉ። ከዚያ ጀልባዋን በጠንካራ የእንጨት አግዳሚዎች ላይ አሳርፈን፣ ከሥሯ በደረቅ ጨርቅ ጠርገን፣ ሪቬቶቹን ተከትለን ጠመኔ ቀባናት። ከውስጥ ቁርጭምጭሚት እስኪሸፍን ውሃ ሞላን። ከዚያ በላይ አይሞላም፤ ጀልባ የተሠራችው ውሃ ከውጭ እንዲገፋት ነው፤ ከውስጥ ቢበዛባት ክብደቱ ስፌቷን ይከፍተዋል።

አጎንብሰን ጠበቅን። ነጩ ጠመኔ ላይ ጠቆር ያለች ነጥብ ብቅ ትላለች፤ ትሰፋለች፤ ትንጠለጠላለች፤ ጠብ ትላለች። ባየን ቁጥር በእርሳስ እናከብባታለን። ውሃው የሚመጣው ሬንጅ ከፈሰሰበት ስንጥቅ ጥቂት፣ በወለሉ መሃል ከፊት እስከ ኋላ ከሚዘልቀው ዘንግ ግራና ቀኝ ካሉት ሪቬቶች ግን ብዙ ሆኖ ተገኘ። ልጆቹ ይህን ሁሉ ጊዜ ሲደፍኑ የኖሩት ሌላ ቦታ ነው። ትልቁ ልጅ ከሥር ተጋድሞ ነጥቦቹን እየቆጠረ ሲያይ ፊቱ ተለወጠ። ከዚያ በኋላ «ትሄዳለች» የሚል ቃል ከአፉ አልሰማሁም።

ሪቬቶቹ ለምን ላሉ? የጊቤ ሐይቅ በክረምት ይሞላል፣ በበጋ ይሸሻል። ዳርቻው አንድ ቦታ ስለማይቆም መድረሻ የሚሆን ወደብ የለም። ልጆቹ ጀልባዋን ከነጭነቷ ድንጋይ ላይ እየጎተቱ ያወጣሉ። ከሥር ደግሞ ውሃ የዋጣቸው ዛፎች ግንድና ጉቶ አለ። የሪቬቱ ራስ ይፋቃል፣ ቀዳዳው ይሰፋል፣ ሞተሩ በነዘረ ቁጥር ይበልጥ ይላላል። ጀልባዋን ሳይጎትቱ፣ ጭነቷን አራግፈው በሁለት ድፍን እንጨት ላይ ቢያንከባልሏት ኖሮ ዕድሜዋ በእጅጉ ይረዝም ነበር። ይህንንም የነገራቸው የለም።

ራሱ ያልተበላ ሪቬት መልሶ ይጠብቃል። ሥራው ሁለት ሰው ይፈልጋል። አንዱ ከውጭ ከባድ ብረት ራሱ ላይ አጥብቆ ይደግፋል፤ ሌላው ከውስጥ ጭራውን በመዶሻ ይመታል። መጀመሪያ ላይ የደነዘዘ ድምፅ ይሰጣል፤ እየጠበቀ ሲመጣ ድምፁ ይጠራል። ጆሮው የለመደ ሰው ሳያይ ያውቀዋል። ራሱ ያለቀው በትራፓኖ ወጥቶ በአዲስ ይተካል። እዚህ ላይ ሥራችን ቆመ። ሆሳዕና ገበያ ላይ የሚገኘው በሽጉጥ የሚመታው ባዶ ሪቬት ነው። መሃሉ ክፍት ስለሆነ ራሱ ውሃ ያስገባል፤ ውስጡ የምትቀረውም የብረት ሽቦ ትዝጋለች። ድፍን የአሉሚኒየም ሪቬት ፍለጋ ሰው መርካቶ ላክን። አርጎኑንም ከአዲስ አበባ አስጭነን ነው ያመጣነው። የትራንስፖርቱ ወጪ ከዕቃው ዋጋ በለጠ።

ስንጥቁን ጫፍና ጫፉ ላይ በሦስት ሚሊ ትራፓኖ በሳነው፤ ስንጥቅ ክብ ቀዳዳ ላይ ሲደርስ መሮጡን ያቆማል። ሬንጁን ማጽዳት ከብየዳው የበለጠ ጊዜ ወሰደ፤ ቅባት የቀረበት አሉሚኒየም ሲበየድ ስፌቱ በጥቃቅን አረፋ ይሞላል። ብሩሹ ስቴንለስ ሆኖ ብረት ነክቶ የማያውቅ መሆን አለበት። ለመዳፉ ቀዳዳ የዚያው ዓይነት ቆርቆሮ ቆርጠን ማዕዘኑን አክብበን ለበጥነው፤ ሹል ማዕዘን አዲስ ስንጥቅ ይወልዳል። የቤንዚን ታንኩን አስቀድመን አወጣን። ከወለሉ ሥር ተንሳፋፊ ፎም ያለባት ጀልባ ከሆነች ደግሞ እሳት ከመቅረቡ በፊት ፎሙ ይውጣ፤ ጭሱ መርዝ ነው። ይህን የምጽፈው ሥራውን እሞክራለሁ የሚል ወጣት ቢያነበው ብዬ ነው።

ስለ ሪቬት ሳስብ ሁልጊዜ የሚቆጨኝ ነገር አለ። በሪቬት የተሠራ የአሉሚኒየም ጀልባ ከአውሮፕላን ሥራ ጋር ዘመድ ነው። ግሩማን የሚባለው የአሜሪካ አውሮፕላን ሠሪ ኩባንያ በ1945 እ.ኤ.አ.፣ ጦርነቱ ሲያበቃ፣ በዚያው ቆርቆሮና በዚያው ሪቬት ትንንሽ ጀልባ ወደ መሥራት ገባ። የእኛ አየር መንገድ በ1938 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር ያበረራቸው ሲ-47 አውሮፕላኖች አካላቸው በሪቬት የተያያዘ አሉሚኒየም ነበር። ዛሬ ቦሌ ላይ ቆርቆሮ የሚቀጠቅጡ፣ ሪቬት የሚመቱ፣ ስንጥቅ የሚፈልጉ ኢትዮጵያውያን አሉ፤ ትምህርት ቤትም አላቸው። ሙያው አገር ውስጥ አለ። ወደ እኛ የሚወስደው መንገድ ነው ያልተጠረገው።

ለምን አልተጠረገም ቢባል፣ የሀዲያና የከምባታ ከተሞችን የሚያውቅ ሰው መልሱን አያጣውም። ሆሳዕናን፣ ዱራሜን፣ ሺንሺቾን የሠራው ገንዘብ ብዙው ከደቡብ አፍሪካ የተላከ ነው። ያ ገንዘብ ቤት ያሠራል። ቤት በርና መስኮት፣ አጥርና ደረጃ ይፈልጋል። ስለዚህ የእኛ በያጅ ላሜራና ቱቦላሬ ላይ አደገ፤ እሱም ያበላዋል። በአሉሚኒየም በርና መስኮት የሚሠሩትም ቢሆኑ ፕሮፋይል ቆርጠው በብሎን የሚገጣጥሙ ናቸው፤ ብየዳው ውስጥ አይገቡም። እጁ የተፈታ ልጅ ደግሞ ጥቂት ገንዘብ ሲይዝ የወንድሙን መንገድ ተከትሎ ወደ ደቡብ ይሄዳል። በሄደው አልፈርድም። የቀረው ግን ከበርና መስኮት ሌላ የሚያኖረው ሙያ ቢያገኝ ምናልባት አይሄድም።

የጣናን ታንኳ አስቡት። ከደንገል የታሰረች ናት፤ ዕድሜዋም አጭር ነው። የነገደ ወይጦ ሰዎች ግን ደንገሉን ራሳቸው አጭደው፣ ራሳቸው አስረው፣ ስታረጅ ራሳቸው ይተኳታል። ሠሪዋ፣ ጠጋኟና ቀዛፊዋ አንድ መንደር ውስጥ ይኖራሉ። ለእኛ ቆላ የመጣችው ጀልባ ብርቱና ቀላል ናት፤ አሉሚኒየም ክብደቱ ከብረት አንድ ሦስተኛ ያህል ነው። የሚያውቃት ሰው ግን በአካባቢዋ የለም።

«ጀልባው ስንት ሆኖ ነው አሠልጣኝና ማሽን የሚመደብለት?» የሚለኝ ሰው አለ። ጥያቄው ተገቢ ነው። ለጀልባ ብቻ ቢሆን እኔም አልጠይቅም ነበር። ግን ከሆሳዕና መናኸሪያ ጀምሮ እስከ ሾኔ ድረስ የሚርመሰመሰው ባጃጅ የሞተር አካሉ አሉሚኒየም ነው። የአይሱዙው ራዲያተር፣ የነዳጅ ቦቴው፣ የሆቴሉ ትልቅ ድስት፣ የወተት ማመላለሻ ጣሳው፣ ብዙ ጊዜ አሉሚኒየም ነው። ሲሰነጠቅ ይጣላል፤ ወይም አዲስ አበባ ድረስ ይላካል፤ ወይም በኮላ ተለጥፎ መንገድ ላይ ያፈሳል። አንድ የቲግ ማሽንና ሁለት የሠለጠኑ ልጆች ያሉት ቤት ያለ ጀልባም ሥራ አይፈታም።

ማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል በነሐሴ 2015 ዓ.ም. ከተመሠረተ ወዲህ ብዙ መሥሪያ ቤት ሆሳዕና ገብቷል። ጀልባ የሚገዛው ወይም የሚፈቅደው ክፍል የግዥ ውሉ ውስጥ ጥቂት መስመር ይጨምር፤ የመለዋወጫ ሳጥን ከነድፍን ሪቬቱ፣ ከነውሃ ማፍሰሻ ቡሹ፣ ከነማሸጊያው፣ ከጀልባዋ ጋር ይምጣ፤ ሻጩ ሁለት የአካባቢው ሰው ሳያሠለጥን ገንዘቡ ሙሉ በሙሉ አይከፈለው። የቴክኒክ ኮሌጆቻችን ለአሉሚኒየም አንድ ጠረጴዛ ይለዩ፤ ዋቸሞ ዩኒቨርሲቲ የሜካኒካል ምህንድስና ተማሪዎቹን ለተግባር ልምምድ ወደ ጊቤ ዳር ይላክ። የጠምባሮ ጀልባ ዳገት ወጥታ ሆሳዕና ድረስ እንዳትጫን፣ ሙዱላ ወይም ሀደሮ ላይ ቢያንስ ሪቬት መምታት የሚችል ሰው ይኑር።

ከሁሉ የማጠብቀው ግን ቁጥጥሩን ነው። በየገበያው ቀን ዋዜማ ጀልባዋን ባዶዋን ውሃ ላይ አቁሞ፣ ወለሏን አድርቆ፣ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ገብቶ የሚያይ ሰው በየማቆሚያው ይመደብ። ወለሉ ላይ ውሃ ካገኘ በማግስቱ ሰው እንዳትጭን የማገድ ሥልጣን ይሰጠው፤ የማኅበሩ ሊቀመንበርም ሆነ የቀበሌው ሹም ቢቆጣው የማይነሳ ሥልጣን። ዛሬ ያ ውሳኔ ያለው ሂሳቡ ከሚቀርበት ሰው እጅ ነው። ቀኑን ሙሉ ሳይሠራ የሚውል ባለጀልባ ራሱን ያግዳል ብሎ መጠበቅ አይቻልም። ስለዚህ ለታገደችበት ቀን ማኅበሩ ከተሳፋሪ ሂሳብ ላይ እየቆረጠ የሚያስቀምጠው የጥገና ገንዘብ ይኑር። አለባብሰው ቢያርሱ ባረም ይመለሱ የሚባለው ለእርሻ ነው። እርሻ ላይ በአረም መመለስ ይቻላል። ውሃ መሃል የተከፈተ ሪቬት ግን መመለሻ አይሰጥም።

በእኔ በኩል ላቀርበው የምችለው ይህ ነው። ከሀዲያም ከከምባታም የሚመጣ ሠልጣኝ ካለ፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ያለ ክፍያ አስተምራለሁ፤ ሴት ልጆችም ይምጡ፤ ለቲግ ችቦ የሚያስፈልገው የረጋ እጅና ትዕግሥት ነው። ለመጀመሪያዎቹ ትምህርቶች አርጎን መጠበቅ አያሻም። የተጣለ የቦቴ ቆርቆሮ፣ አንድ ትራፓኖ፣ ሁለት መዶሻ፣ አንድ ከባድ የመደገፊያ ብረትና አንድ ፓኬት ድፍን ሪቬት ይበቃል። ቆርቆሮው እኔ ጋ አለ፤ ሪቬቱን የሚያመጣ ኮሌጅ ወይም መሥሪያ ቤት ካለ በሚቀጥለው ቅዳሜ እንጀምራለን።